ኪሎ ሜትሩ ሳይሞላ ዓመቱ ለሞላባት መኪና

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቪትዝዎ ከግቢ የምትወጣው እሑድ ለቤተ ክርስቲያን፣ አልፎ አልፎም ለለቅሶ ነው። በዓመት 1,500 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። መካኒክዎ «ዘይት የሚቀየረው በየ5,000 ነው፤ ገና ነው» ብሎዎታል። እርስዎ ደግሞ «ታዲያ ሦስት ዓመት ልጠብቅ? ለጥምቀት ልጆቼ ሲመጡ ደባርቅ ልወስዳቸው አስቤ ነበር» ብለዋል።

አይጠብቁ። የመኪና መመሪያ ላይ ለዘይት የሚጻፈው ሁለት ቁጥር ነው፤ ኪሎ ሜትርና ወር። ቀድሞ የሞላው ነው የሚሠራው። ጋራዥ ሄደን የሚሰጠን ወረቀት ላይ ግን ኪሎ ሜትሩ ብቻ ይጻፋል፤ ወሩን ሁላችንም እንረሳዋለን። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ታክሲ ይህ ችግር የለውም። ለእርስዎ ግን ዋናው ቁጥር ወሩ ነው።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አይደለም። አባቴ ዲኤክስ ኮሮላ ነበረችው። ጡረታ ሲወጣ መኪናዋም አብራው ጡረታ ወጣች። ለከተማ ጉዳይ ባጃጅ ይበቃዋል። እሷን ሸራ አልብሶ ግቢ ያቆማታል። በየሳምንቱ ያስነሳታል፣ አምስት ደቂቃ ያሞቃታል፣ ያጠፋታል። በጣም ነበር የሚወዳት። ሰርቪስ ሲባል «ኧረ ምን ነዳኋትና!» ይላል። እኔም እውነቱን ነው ብዬ ዝም እል ነበር።

በ2010 ጥር ላይ አዲ አርቃይ ሠርግ ተጠራን። የምነዳው እኔ ነበርኩ። ደባርቅን አልፈን ሊማሊሞን መውረድ ስንጀምር ሁሉም ደህና ነበር። ጠመዝማዛው መሃል ላይ ፍሬኑ ለሰለሰብኝ። ቀጥሎ ስረግጠው ወለል ድረስ ገባ። ደጋግሜ ስመታው ትንሽ ያዘ። ማርሽ ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያም ወደ አንደኛ አወረድኩ። እጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ እየሳብኩ መንገዱ ሰፋ ያለበት ቦታ ላይ ወደ ተራራው ተጠግቼ አቆምኩ። አባቴ አንድ ቃል አልተናገረም። እጁ ግን የበሩን እጀታ እንደጨበጠ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን። ፍሬኑ ሲበርድ ፔዳሉ ተመለሰ። ሠርጉን ትተን በዝግታ ወደ ደባርቅ ወጣን።

ጎንደር ገብተን መካኒክ የፍሬን ዘይቱን ሲከፍተው ቡና መስሎ ነበር። መቼ እንደተቀየረ የሚያስታውስ ሰው የለም። የፍሬኑ ሸራ ግን ገና ነበር፤ ምክንያቱም መኪናዋ አልተነዳችም። ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። መኪናዋ ተነዳችም ቆመችም ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን መፍያው ቢያንስ 205 ዲግሪ ነው። 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛው 140 ብቻ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ያ ውሃ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ሲጫኑት ይጨመቃል፤ ጎማውን አይዝም። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር ነው፣ ኪሎ ሜትሩ ዜሮም ቢሆን።

ወደ ሞተር ዘይቱ ልምጣ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይፈጠራል። አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይወጣል። ጥቂቱ ግን ካልተቃጠለ ቤንዚን ጋር በፒስተኑ ጎን ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። ሞተሩ በደንብ ግሎ ረዘም ላለ ጊዜ ከሠራ ተንኖ ይጠፋል። ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት ከሆነ ግን ለመትነን ጊዜ አያገኝም፤ እዚያው ይከማቻል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ከውስጥ በኩል ይዩት። እንደ ማኪያቶ የነጣ ነገር ከተለጠፈበት ይኸው ነው። የራዲያተሩ ውሃም አብሮ እየቀነሰ ከሆነ ግን ሌላ ብልሽት ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ያሳዩት።

አባቴ ያደርገው የነበረው የአምስት ደቂቃ ማሞቅም ለዚህ ነው የማይጠቅመው። እንዲያውም ይጎዳል። ውሃውን ይፈጥራል፣ ግን አያደርቀውም። ጭስ ማውጫውም ከውስጥ ይዝጋል። ባትሪውም ለማስነሳት ያወጣውን በቅጡ አይመልስም። ይልቅ በየሁለት ሳምንቱ ወደ አዘዞ ወረድ ብለው ይመለሱ። ሲመለሱ ዳገቱ ሞተሩን በደንብ ያሠራዋል። ግማሽ ሰዓት በመንገድ ፍጥነት ከስንት ሳምንት ማሞቅ ይበልጣል።

የዘይት ቅያሪውን እኔ እንዲህ ነው የማደርገው፦ በዓመት አንዴ ግዴታ ነው፣ ከነፊልትሮው። እንደ እርስዎ አጭር አጭር መንገድ ብቻ ለሚሄድ፣ በተለይ ተራውን ዘይት ለሚጠቀም፣ በየስድስት ወሩ ይሻላል። መስከረምና መጋቢት ብለው ቢይዙት አይረሳም። ክረምቱን ሙሉ የሚያቆሟት ከሆነ ግን ሰኔ ላይ ቀይረው ያቁሟት። አሮጌ ዘይት ውስጥ ያለው እርጥበትና አሲድ ሦስት ወር ሙሉ ብረቱ ላይ ተኝቶ እንዳይከርም ነው።

ባትሪ። የቆመች መኪና እንኳ ለሰዓቱና ለአላርሙ ጥቂት ትበላለች። 30 ሚሊ አምፔር ብንል በወር ወደ 22 አምፔር ሰዓት ይሆናል። 45 አምፔር ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ባዶውን የከረመ ባትሪ ደግሞ ውስጡ ነጭ ነገር ይጋገርበታል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም ድሮውን አይሆንም። ከወር በላይ የምትቆም ከሆነ የኔጌቲቩን ገመድ ይፍቱት።

ክረምት ላይ እጅ ፍሬን ስበው አይተዉ። እርጥበቱ ሸራውን ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል። መስከረም ላይ መኪና አልንቀሳቀስ ብሎ ሲገፉ ያየሁት ብዙ ነው። ማርሹን ፒ ላይ አድርገው፣ ጎማውን በድንጋይ ወይም በእንጨት ያስደግፉ። ኮፈኑንም በየሳምንቱ ከፈት ያድርጉት። ጎተራ ወይም ጤፍ የሚቀመጥበት ክፍል አጠገቧ ካለ አይጥ አይቀርም፤ አይጥ ደግሞ ገመድ ይበላል።

ጎማውን ልጨምር። ጎኑ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል DOT ብሎ ከሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ። 2317 ካለ በ2017 በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ይህ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በእኛ 2009፣ የሰኔ መግቢያ ገደማ ይሆናል። አንድ ጓደኛዬ በእኛ አቆጣጠር መስሎት ያረጀ ጎማ በአዲስ ዋጋ ገዝቷል፤ እስካሁን ሲያስበው ይቆጨዋል። ስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ በየዓመቱ ጎሚስታ ይየው። አሥር ከሞላው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይቀየር። የእርስዎ ጎማ ብዙ ስላልሄደ ሲያዩት አዲስ ይመስላል፤ ለዚህ ነው ቁጥሩን ያንብቡ የምለው።

ለጥምቀት ልጆቹ እስኪመጡ ጊዜ አለዎት። ሁሉንም አንድ ላይ ማሠራት ከከበደዎ የሞተር ዘይቱ አንድ ወር ቢዘገይ ችግር የለውም፤ ጎማውንም በነጻ አይተው ማወቅ ይችላሉ። የፍሬን ዘይቱን ግን ደባርቅ ከመውጣትዎ በፊት ያስቀይሩ። ሲቀየር አጠገቡ ይቁሙና አሮጌው ምን እንደሚመስል በዓይንዎ ይዩት።