አንድ «ነበር»፣ ሦስት እንግሊዝኛ

ሰላም ለቤቱ። ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጀው የጅማዋ እህታችን «ዉድ የሚለው ቃል አንዴ ‹ቢሆን ኖሮ›፣ አንዴ ‹ድሮ እናደርግ ነበር› ይሆንብኛል፤ በምን ልለየው?» ብላ ጠይቃ፣ ኤክስ የገባባቸውን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ለጥፋለች። አንደኛው «ኢፍ አይ ዉድ ሃቭ መኒ፣ አይ ዊል ባይ ኤ ባጃጅ»፣ ሁለተኛው «ዌን አይ ዎዝ ኤ ቻይልድ፣ አይ ዉድ ሊቭ ኢን አጋሮ»።

ከራሳችን ቋንቋ ልጀምር፤ ስህተቱ የሚበቅለው እዚያ ነው። «ቡና እናሰጣ ነበር» የሚለውን ውሰጂ። «ጠዋት ስትደውዪ ቡና እናሰጣ ነበር» ካልሽ በዚያች ሰዓት ሥራው ተይዞ ነበር፤ እንግሊዝኛው «ዊ ዌር ድራይንግ ኮፊ» ይሆናል። «ልጆች ሳለን በየዓመቱ ቡና እናሰጣ ነበር» ልማድ ነው፤ «ዊ ዉድ ድራይ ኮፊ» ወይም «ዊ ዩዝድ ቱ ድራይ ኮፊ»። «ዝናቡ ባይመጣ ኖሮ ትናንት ቡና እናሰጣ ነበር» ደግሞ ያልሆነ ነገር ነው፤ «ዊ ዉድ ሃቭ ድራይድ ኮፊ»። አማርኛው አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ስለዚህ «ነበር»ን አይተሽ አትተርጉሚ፤ ከፊቱ ያለውን እዪ፦ «ስት…» ነው? «በየ…» ነው? ወይስ «ቢ… ኖሮ»?

አሁን ወደ «ቢ»። እንግሊዝኛ «ይህ እውን አይደለም» ለማለት ግሡን አንድ እርከን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለ ዛሬ እያወራ ፓስት ቴንስ ይጠቀማል፤ ስለ ትናንት እያወራ «ሃድ» እና ፓስት ፓርቲሲፕል (የግሡን ሦስተኛ ቅርጽ) ይጠቀማል። ይህ ሁሉ የሚሆነው «ኢፍ» ባለበት ወገን ነው። «ዉድ» የሚገባው በውጤቱ ወገን ብቻ ነው። «ኢፍ ዩ ዉድ ዌይት ኤ ሞመንት» የሚል ብታገኚ «እባክዎ ትንሽ ቢጠብቁ» የሚል የትሕትና ልመና ነው፤ ከዚህ ደንብ ጋር አታምታቺው።

ብዙዎችን የሚጥለው ግን ሌላ ነው። አማርኛ «ዝናቡ ቢያቆም እንሄዳለን» ይላል፤ «እንሄዳለን» የወደፊት ስለሚመስል ተማሪው «ኢፍ ዘ ሬይን ስቶፕድ፣ ዊ ዊል ጎ» ብሎ ይጽፋል። ግማሹ ወደ ኋላ ሄደ፣ ግማሹ ቀረ። ሁለቱ ወገኖች አብረው መሄድ አለባቸው። «ካቆመ እንሄዳለን» ለማለት ከፈለግሽ፣ ማለትም ሊያቆም ይችላል ብለሽ ካመንሽ፣ «ኢፍ ዘ ሬይን ስቶፕስ፣ ዊ ዊል ጎ»። «ቢያቆም» ብለሽ እንዲያው በሐሳብ ከሆነ «ኢፍ ዘ ሬይን ስቶፕድ፣ ዊ ዉድ ጎ»። «ካ» እና «ቢ» እንግሊዝኛውን ሳትነኪ መንገዱን ያሳዩሻል።

«ኖሮ» ሲጨመር ደግሞ አማርኛ ጊዜውን ይደብቃል። «ብር ቢኖረኝ ኖሮ ባጃጅ እገዛ ነበር» ያለ ሰው ስለ ዛሬ ነው ወይስ ስለ አምና? አይታወቅም፤ እንግሊዝኛ ግን ሳታሳውቂ አያሳልፍሽም። «አሁን» የሚለውን ቃል አስገቢበት፤ ከተስማማ «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ ኤ ባጃጅ»። የሚስማማው «አምና» ከሆነ «ኢፍ አይ ሃድ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ሃቭ ቦት ኤ ባጃጅ»። «ሃድ ሃድ» የተደገመው በስህተት አይደለም፤ የመጀመሪያው ረዳት፣ ሁለተኛው ዋናው ግሥ ነው። ሁለቱ ወገኖች ጊዜ የሚለያዩበትም አለ፤ «አምና አጥንቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሥራ ይኖረኝ ነበር» ሲሆን «ኢፍ»ን በ«ሃድ ስተዲድ»፣ ውጤቱን በ«ዉድ ሃቭ ኤ ጆብ» ትጽፊያለሽ።

ወደ ልማዱ ስንመጣ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርሽ ለምን እንደተሰረዘ ይገባሻል። ለልማድ የሚሆነው «ዉድ» የሚደጋገም ድርጊት ይፈልጋል። መኖር፣ ማወቅ፣ መውደድ፣ ባለቤት መሆን ሁኔታ ናቸው። በአማርኛ «ስንቴ?» ብለሽ ፈትኚው፦ «ስንቴ ገበያ ሄድሽ?» ያስኬዳል፤ «ስንቴ ሰውየውን አወቅሽው?» አያስኬድም። ካላስኬደ «ዉድ»ን ተዪና «ዩዝድ ቱ» ወይም ሲምፕል ፓስት ያዢ። «ዩዝድ ቱ» ለድርጊትም ለሁኔታም ይሆናል።

ድርጊት ቢሆን እንኳ «ዉድ» ያለ ጊዜ መነሻ ሲመጣ ሰሚው «ኢፍ» እስኪመጣ ይጠብቃል። «ዊ ዉድ ጎ ቱ ሂርማታ ማርኬት» ብቻውን «እንሄድ ነበር እኮ፣ ግን…» ይመስላል። ድርሰት ስትጽፊ መጀመሪያ በ«ዩዝድ ቱ» ወይም በ«ዌን ዊ ዌር ችልድረን» ዘመኑን አስቀምጪ፤ ከዚያ ቀጣዮቹን ዓረፍተ ነገሮች «ዉድ» ይሸከማቸዋል። በየመስመሩ «ዩዝድ ቱ» መደርደር ግን ጆሮ ያደክማል።

የቆይታ ርዝመት ወይም ጠቅላላ ቁጥር ሲጠቀስ ሁለቱም አይገቡም። ዳግማዊ አባ ጅፋር ጅማን በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል፤ ይህ «ሩልድ ፎር ፊፍቲፎር ይርስ» ነው እንጂ «ዩዝድ ቱ ሩል ፎር ፊፍቲፎር ይርስ» አይባልም። «በሳምንት 3 ጊዜ» ግን ድግግሞሽ ስለሆነ ይፈቀዳል፤ የሚከለከለው «በጠቅላላው 3 ጊዜ ሄድኩ» የሚለው ነው።

በአሉታና በጥያቄ «ዲድ» ሲመጣ የ«ዩዝድ» መጨረሻ ‹ዲ› ትወድቃለች፤ ስትነበብ ልዩነቱ አይሰማም፣ ስትጻፍ ግን ማርክ ታስቀንሳለች። ይህ «ዩዝድ ቱ» በንግግር «ዩስቱ» ነው፤ «ዩዝድ» ብለው በ‹ዝ› የሚያነቡት «ተጠቀመ» ሲሆን ነው። ከፊቱ «አም» ወይም «ዎዝ» ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ «አይ አም ዩስቱ ጌቲንግ አፕ ኧርሊ» ማለት «ማልዶ መነሳት ለምጃለሁ» ነው፤ ግሡም ‹ኢንግ› ይይዛል።

በመጨረሻ በጭረት (አፖስትሮፊ) የተቆረጠችው ‹ድ›፤ «ዉድ»ም «ሃድ»ም ሲያጥሩ በእሷ ይጻፋሉ። «ሺድ ጎ» ከሆነ «ዉድ»፣ «ሺድ ጎን» ከሆነ «ሃድ»፣ «ሺድ ቤተር» ከሆነም «ሃድ» ናት። «ካም»፣ «ፑት»፣ «ራን» የመሰሉት መነሻቸውና ፓርቲሲፕላቸው አንድ ስለሆነ እነሱ ላይ ቀጥሎ ያለውን ግሥ ማየት አይረዳም፤ ዙሪያውን ማንበብ ነው። ያንቺ ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ሲታረሙ «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ ኤ ባጃጅ» እና «ዌን አይ ዎዝ ኤ ቻይልድ፣ አይ ሊቭድ ኢን አጋሮ» ይሆናሉ፤ ሁለተኛው ላይ «ዩዝድ ቱ ሊቭ» ብትዪም አይሰረዝብሽም።