በትንሽ ብር የሚከበር ስጦታ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የስልክ ዕቃ ስሸጥና ስጠግን አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የምርቃትና የሰርግ ሰሞን ሲመጣ ከጥገናው ይልቅ ጥያቄው ይበዛል። «ብሩ ትንሽ ነው፤ ግን እንዳያሳፍረኝ» የምትለዋን ነገር በቀን አሥር ጊዜ እሰማለሁ። ሰሞኑን ጥያቄ ያላችሁ አምጡ ብዬ ነበር። ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከሐይቅም መጣ። በደረሰኝ ቅደም ተከተል እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እህቴ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ልትመረቅ ነው። ያለኝ 2,000 ብር ነው። ኤርፎን፣ ከቨርና ፍላሽ አንድ ላይ አድርጌ ልስጣት አስቤያለሁ። ምን ትለኛለህ?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ ወንድሜ። እኔ ብሆን ሦስቱን ትቼ አንድ እገዛለሁ። 2,000 ብር ለሦስት ሲከፈል ሦስት ተራ ዕቃ ነው የሚሆነው። አንዱ ኤርፎን በወሩ በአንድ ጆሮ ብቻ ይሰማል፣ ከቨሩ ይቢጫል፣ ፍላሹ ይጠፋል። አንድ ጥሩ ነገር ግን ዓመት ሙሉ ከእጇ አይወጣም፤ ባነሳችው ቁጥር ታስታውስሃለች።

ምን እንደምትገዛ ለማወቅ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ስታማርር ስማት። «ባትሪዬ አለቀ» የምትል ከሆነ ፓወር ባንክ ነው። «ገመዱ ካልተጣመመ አይሞላም» ካለች ጠንካራ የታይፕ ሲ ገመድና ፈጣን ቻርጀር ነው። የሰው ችግር ላይ ያረፈ ስጦታ ዋጋው አይጠየቅም።

ፓወር ባንክ ከሆነ ሁለት ነገር እይ። መጀመሪያ በእጅህ መዝነው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ አንዷ ወደ 45 ግራም ትመዝናለች፣ የምትይዘውም ብዙውን ጊዜ ከ2,500 እስከ 3,300 ሚሊአምፔር አወር (mAh) ነው። ስለዚህ በእሷ የተሠራና 10,000 የተጻፈበት ዕቃ ሦስት ወይም አራት ባትሪ ያስፈልገዋል። ከነቀፎው ወደ 200 ግራም መጠጋት አለበት። አንስተኸው እንደ ባዶ የክብሪት ቀፎ ከቀለለህ መልሰህ አስቀምጠው። አንዳንዱን ፈትቼ አንዲት ክብ ባትሪ ብቻ አግኝቼበታለሁ። ለክብደት ብለው አሸዋ የሚጨምሩበትም ስላለ ክብደት ብቻውን አይበቃም።

ሁለተኛ፣ ከጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብብ። እውነተኛው 10,000 ብሎ ዝቅ ሲል ወደ 6,000 አካባቢ የሆነ ሌላ ቁጥር ይጽፋል። ይሄ ማጭበርበር አይደለም። ባትሪው በ3.7 ቮልት ነው የሚሠራው፣ ለስልክ ሲሰጥ ግን ወደ 5 ቮልት ከፍ ያደርገዋል፤ በመሀል የሚባክንም አለ። ይህን በግልጽ የጻፈ አምራች የሚያፍርበት ነገር የለውም። ባለ 5,000 ባትሪ ስልክ አንዴ ሞልቶ ትንሽ ይተርፈዋል ብለህ አስብ። መዳፍ የምታህል ሆና «50,000» የምትለዋን ግን አትንካት።

ጥያቄ፦ አንድ ቴራ ፍላሽ በ600 ብር አገኘሁ። ለሙሽሮች የሰርጉን ቪዲዮ ሞልቼ ልሰጥበት ነው። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ስለዚህ ነገር ሳወራ ልቤ ይደማል።

እንዲህ ያለው ፍላሽ ውስጡ ትንሽ ነው። መቆጣጠሪያው ግን ለኮምፒውተሩ «አንድ ቴራ ነኝ» ብሎ እንዲመልስ ተደርጓል። ፋይሉ ሲገለበጥ ምንም ችግር አይታይም። ስሙም መጠኑም ተጽፎ ይታያል። ትክክለኛው ቦታ ካለቀ በኋላ የገባው ግን የለም፤ ሲከፈት እንቢ ይላል።

የታናሽ ወንድሜን ሰርግ ፎቶዎች በሙሉ 128 ጊጋ በተባለ ፍላሽ አድርጌ ሰጠሁት። ከማላውቀው አስመጪ የተቀበልኩት ነበር፤ ሳልፈትሸው። ፎቶ አንሺው ከኮምፒውተሩ ካጠፋ ከሁለት ወር በኋላ ሊያዩት ሲከፍቱ የጠዋቱ ብቻ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ የተነሳው፣ እናታችን እጁን ይዛ የቆመችበት፣ አንዱም አልተከፈተም። እናታችን ዛሬ በሕይወት የለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልፈትሽ ያወጣሁት ፍላሽ የለም።

አፈታተሹ ቀላል ነው። ኤችቱቴስትደብልዩ (H2testw) የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል፣ የጎደለውንም ይነግርሻል። ፕሮግራሙ ከሌለሽ ራስሽ በቪዲዮ ሙይውና ነቅለሽ፣ መልሰሽ ሰክተሽ፣ መጀመሪያም፣ መሀልም፣ መጨረሻም የገቡትን ክፈቻቸው። ከተከፈቱ ደህና ነው። ለሰርጉ 64 ጊጋ እውነተኛ ይበቃሻል። ቪዲዮው ሌላ ቦታም ሳይቀመጥ ግን ለማንም አትስጪ።

ጥያቄ፦ ዕቃው ጥሩ ነው፤ ካርቶኑ ግን ያስጠላል። የአይፎን ባዶ ካርቶን አለኝ። በእሱ አድርጌ ብሰጥስ?

መልስ፦ ተው ወንድሜ። ካርቶኑን ያየ ሰው ልቡ አይፎን ጠብቆ ነው የሚከፍተው። ውስጡ የወጣው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን በዚያች ደቂቃ ያንሳል። ሰው ፊት ከከፈተው ደግሞ አሳፈርከው።

ጥያቄ፦ ስጦታውን በምን ልጠቅልለው? የሚያብረቀርቀው የስጦታ ወረቀት ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት ነው።

መልስ፦ ይህቺን ጥያቄ ወደድኳት። አገራችን ላይ መጠቅለያ አልጠፋም፤ የምንፈልገው ከሩቅ ሆኖ ነው እንጂ።

ሰኞ ገበያ ውረጂ። የስፌት ዕቃ የሚሸጡ እናቶች ጋ ክዳን ያላት ትንሽ ሙዳይ ፈልጊ። ኤርፎን፣ ፍላሽ፣ ገመድ ይገባባታል። ከሥር ነጭ የሽመና ጨርቅ ጣል አድርጊባት፤ ከሸማኔ ቁራጭ አይጠፋም፣ ጥለት ያለው ጫፍ ከሆነ ይበልጥ ያምራል። ከዚያ ዕቃውን ከፕላስቲክ ማሸጊያው አውጪው። ያ በመቀስ ካልሆነ የማይከፈተው ድርቅ ያለ ፕላስቲክ ነው ዕቃን ርካሽ የሚያስመስለው። ገመዱን በስሱ ጠቅልለሽ በክር እሰሪው። የዋጋ ምልክቱን ላጪ። ሙጫው ከቀረ ትንሽ የምግብ ዘይት በጥጥ አድርገሽ ብታሺው ይለቃል፤ ሶኬት ያለበት ጋ ግን ዘይት እንዳይደርስ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ በዚህ ዓይነት ያዘጋጀችውን አይቻለሁ። ቀይና አረንጓዴ ስፌት ያላት ሙዳይ፣ ክዳኗ ሲነሳ ነጭ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ ጥቁር ኤርፎን። ከጎኗ በእጅ የተጻፈች አራት መስመር። ኤርፎኑን ከእኔው ሱቅ ነው የገዛችው፣ ዋጋውን አውቀዋለሁ። እንደዚያ ሆኖ ሳየው ግን እኔ ራሴ የሸጥኩት አልመሰለኝም። ኤርፎኑ አንድ ቀን ይበላሻል። ሙዳይዋ ትቀራለች፤ የጆሮ ጌጥ ይቀመጥባታል።

ካርቶኑን አትጣዪው። ዋስትናው ከእሱ ጋር ስለሆነ፣ ደረሰኙን ከውስጡ አድርገሽ በማግስቱ ስጪያቸው።

ጥያቄ፦ ኩታበር ላለችው እናቴ ስልክ ልገዛ ነው። ማንበብ አትችልም። ስማርት ይሻላል በተን?

መልስ፦ እስካሁን ስማርት ነክተው የማያውቁ ከሆነ በተን ስልክ ይሻላል። ባትሪው ቀናት ይቆያል፣ የእጅ ባትሪ መብራት አለው፣ ሬዲዮ አለው። ስትገዛ ቁልፎቹ ትልልቅና እርስ በርስ የማይነካኩ ይሁኑ። ድምፁንም እዚያው ሱቅ ውስጥ ከፍ አድርገህ ስማው።

ዋናው ግን ከገዛህ በኋላ ያለው ነው። አንድ ቀን ከቦሩ ሜዳ የመጡ እናት ሱቄ ገቡ። ከመቀነታቸው ፈትተው ስልክ አወጡ። ልጃቸው ከሄደ አራት ወር ሆኖታል፤ ስክሪኑ ላይ ያለችው ላስቲክ እንኳ አልተላጠችም። «ልጄ ያመጣልኝ ነው፤ እንዳላበላሸው ፈርቼ አስቀመጥኩት» አሉኝ። ቻርጅ አደረግሁላቸው። ቁጥር 2ን ሲጫኗት ወንድ ልጃቸው ጋ፣ 3ን ሲጫኗት ሴት ልጃቸው ጋ እንድትደውል አስተካከልኩ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ይዤ 2 ላይ አሳረፍኩት። «እስኪ ይጫኑና ይቆዩ» አልኳቸው። ጠራ። ልጁ «እማዬ!» ሲል ስልኩን ከጆሯቸው አውርደው አዩት፣ መልሰው አስጠጉት። ያን ቀን ሱቅ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም ዝም አልን።

ስለዚህ አንተም ሲም አስገብተህ፣ ካርድ ሞልተህ፣ ፍጥነት መደወያውን አስተካክለህ ውሰድላቸው። 2ቷ ላይ ትንሽ የጥፍር ቀለም ነጥብ ብታደርግ ጨለማም ላይ በጣታቸው ያገኟታል። ከመመለስህ በፊት ራሳቸው ሦስት ጊዜ ይደውሉልህ።

ጥያቄ፦ የታወቀ ስም ያለበት ኮፒ ስፒከር ወይስ ስሙ ያልታወቀ ግን ኦርጅናል?

መልስ፦ ሁለተኛው። ኮፒውን የተቀበለ ሰው አንድ ቀን የሚያውቅ ጓደኛ ያገኘዋል። ስትገዛ ካርቶኑ ላይ የሚፋቅ የማረጋገጫ ቁጥር ካለ እዚያው ሻጩ ፊት ፈትሸው፤ ድምፁንም እስከ መጨረሻ ከፍተህ ስማ፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ተወው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ስልክ ስጦታ ይሆናል? ለታናሼ ነው።

መልስ፦ ይሆናል፣ ያገለገለ መሆኑን ከነገርሽው። አዲስ ነው ብለሽ እንዳትሰጪ። ሁለት ነገር አጥብቀሽ ያዢ። *#06# ስትደውዪ የሚወጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ስልኩ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁለተኛ ሻጩ የጉግል አካውንቱን አንቺ ፊት ራሱ ያውጣው፣ ከዚያ ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይደምሰስ። አካውንቱ ሳይወጣ ከተደመሰሰ ስልኩ ሲበራ የድሮውን ባለቤት ኢሜይልና የይለፍ ቃል ሊጠይቅ ይችላል። በምርቃቱ ቀን ሱቄ ድረስ ተዘግቶ የመጣ ስልክ ስንት አየሁ! ከዚያ አዲስ ከቨርና አዲስ የስክሪን መከላከያ አድርጊለት፣ የቻርጅ ቀዳዳውን አቧራ በደረቅ የጥርስ መጎርጎሪያ እንጨት ቀስ ብለሽ አውጪ፣ ስልኩ ጠፍቶ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምንሠራው። ጡረታ ለሚወጡ ጋሼ አምስት ሆነን እናዋጣለን። ስልክ አላቸው።

መልስ፦ ቻርጅ የሚደረግ ጥሩ ሬዲዮ። ሜሞሪ የሚቀበል ይሁን፤ የሚወዱትን መንዙማም ይሁን መዝሙር፣ የድሮ ዘፈንም ቢሆን ሞልታችሁ ስጧቸው። ምን እንደሚወዱ ካላወቃችሁ ልጃቸውን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጅዳ ላለች እህቴ ፓወር ባንክ በሰው ልልክ ነው። አውሮፕላን ላይ ችግር አለው?

መልስ፦ በእጅ ሻንጣ ከሆነ ችግር የለውም። በሚጫነው ሻንጣ ግን ክልክል ነው፤ ሊቲየም ባትሪ ከታች ቢቃጠል የሚደርስለት ስለሌለ። መጠኑ እስከ 100 ዋት አወር ይፈቀዳል። ስሌቱ ሚሊአምፔር አወሩን ለ1,000 አካፍሎ በ3.7 ማባዛት ነው። 10,000 ማለት 37 ዋት አወር፣ 20,000 ደግሞ 74 ነው። ቁጥሩ ተፍቆ የማይነበብ ከሆነ ፍተሻ ላይ ሊወሰድ ስለሚችል ጽሑፉ የሚታይ ግዛ። ለሚወስደው ሰውም ምን እንደያዘ ከፍተህ አሳየው፤ አትጠቅልለው። መጠቅለያውን ለብቻ ላክ፣ እዚያ ሲደርስ ይሥሩት።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ስማርት ሰዓት ጠየቀኝ።

መልስ፦ በርካሹ ደም ግፊት ይለካል የሚሉትን አትመኑ። ሰዓት የሚያሳይ፣ ደወል ያለው፣ ውኃ ቢነካው የማይሞት ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ለጓደኛዬ ሰርግ ኤርፎን ገዝቻለሁ። ሰርጉ እሑድ ነው። አሁን ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሽሪ፣ ጊዜ አለሽ። ከፍተሽ ሙሉ ቻርጅ አድርጊው። ከራስሽ ስልክ ጋር አገናኝተሽ ሁለቱም ጆሮ እንደሚሰማ፣ ስታወሪም ድምፅሽ ለሌላው እንደሚደርስ ፈትሺ። ከዚያ ከስልክሽ የብሉቱዝ ዝርዝር ላይ ሰርዢው፤ ካልሰረዝሽው አንቺ በቀረብሽ ቁጥር ወደ አንቺ ስልክ ሊዞር ይችላል። የላስቲክ ጫፎቹን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊ። ሰርጉ ላይ ፖስታና ስጦታ ስለሚደባለቅ ስምሽን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ጻፊው። ሙዳይ ካጣሽም ሐሙስ ከሰዓት ሱቁ ብቅ በይ፤ ሰኞ የገዛኋት አንዲት ተርፋኛለች።