የእናትሽ የመስሚያ መሣሪያ ባትሪ በ4 ቀን የሚያልቀው ለምንድን ነው?

ሰላም እህታችን። ሌሎችም እንዲከታተሉት ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ሱሉልታ ያሉት እናትሽ ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጥ መሣሪያ ያደርጋሉ፤ ባትሪው 13 ቁጥር ነው። ጣታቸው ባትሪው ላይ የተለጠፈውን ልጣፊ ማንሣት ስለማይችል ሰኞ ጠዋት ወደ ከተማ ከመውጣትሽ በፊት የስድስቱንም ባትሪ ልጣፊ አንሥተሽ ከመድኃኒታቸው ጋር ታስቀምጪላቸዋለሽ። አንዱ ባትሪ ግን ከ4 ቀን አያልፍም። ጎረቤት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት ብሏችኋል፤ ሰዓት ጠጋኙ ደግሞ ረከስ ያለ፣ መጠኑ አንድ የሆነ ባትሪ አሳይቶሻል።

ልጣፊውን አስቀድሞ ማንሣት ዛሬውኑ ይቅር። ይህ ባትሪ እንደ ሬዲዮ ድንጋይ ኃይሉን ይዞ እስኪፈለግ የሚጠብቅ አይደለም። ውስጡ የዚንክ ዱቄት አለ፤ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዚንኩ ከአየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ብቻ ነው። አየሩ የሚገባው የ+ ምልክት ባለበት ጠፍጣፋ ፊት ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ሲሆን ልጣፊው እነሱን ደፍኖ ይይዛል። አንዴ ከተነሣ መልሶ መለጠፍ ሥራውን አያስቆመውም። ባትሪው መሣሪያ ውስጥ ባይገባም ውስጡ ያለው ፈሳሽ በቀዳዳዎቹ በኩል ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ ከጥቅምት ወዲህ ባለው ደረቅ የበጋ አየር ደግሞ ይብሳል። ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል፦ ባትሪው እርጥበት ይጠጣል፣ ያብጣል፣ አንዳንዴም ከቤቱ አልወጣ ይላል። ስለዚህ ሰኞ የከፈትሻቸው ስድስት ባትሪዎች ስድስቱም አብረው እያረጁ ነው፤ ተራው መጨረሻ የሚደርሰው ከሁሉ ይበልጥ ይጎዳል።

ለእናትሽ ጣት መፍትሔው ሌላ ነው። ልጣፊው በአንድ በኩል ወጣ ያለ ጭራ አለው። እዚያ ጭራ ላይ የቁስል ፕላስተር ቆርጠሽ አጥፈሽ አጣብቂበትና ረዘም ያለ መያዣ አድርጊለት፤ ቀዳዳዎቹ ላይ ያለውን ክፍል ግን እንዳትነኪው። እሳቸው ፕላስተሩን ይዘው መሳብ ብቻ ይቀራቸዋል። ከዚያም የሚሻለው ቀን ቆርጦ አንቺው መቀየር ነው። 13 ቁጥር እንደ መሣሪያው ከ6 እስከ 14 ቀን ይሠራል፤ የእሳቸው ሳምንት የሚደርስ ከሆነ በየቅዳሜው ማታ ብትቀይሪላቸው ሳምንቱን ያለ ሐሳብ ይሰማሉ። የቀየርሽበትን ቀን በልጣፊው ላይ ጽፈሽ ቀን መቁጠሪያው ላይ ለጥፊው፤ በኋላ ይጠቅምሻል።

ሲቀየር እንዲህ ነው። እጅ ታጥቦ በደንብ ይድረቅ፤ ቅባት ያለው ጣት ቀዳዳውን ይደፍናል። ልጣፊው ተነሥቶ ባትሪው ቀዳዳው ወደ ላይ ሆኖ 5 ደቂቃ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ እኛ ዘንድ ግን መዝለል አይገባም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያንሳል። የዚንኩ መጠን አልተቀነሰም፤ የሚገባው አየር ግን ቀርፋፋ ስለሆነ ኃይለኛ መሣሪያ ድምፁ ሲጨምር ቶሎ ሊንገዳገድ ይችላል። ብርድ በሆነ ጠዋት ደግሞ ባትሪውን አንድ ሁለት ደቂቃ መዳፍ ውስጥ ማሞቅ ይረዳል። የባትሪው ቤት ክዳን አልዘጋ ካለ አይገፋ፤ ባትሪው ተገልብጦ ገብቷል ማለት ነው፤ ክዳኑ ከተሰበረ መተኪያ ማግኘት አድካሚ ነው።

ማታ መሣሪያው እንዲጠፋ ክዳኑ ይከፈት። አንድ 13 ቁጥር ወደ 300 ሚሊአምፔር ሰዓት ይይዛል፤ መሣሪያው 2 ሚሊአምፔር የሚወስድ ከሆነ በቀን 16 ሰዓት ሲሠራ 9 ቀን ይደርሳል፣ ሌሊቱንም ሳይጠፋ ሲሠራ ካደረ 6 ቀን ብቻ። ክዳኑ ሲከፈት የላብ እርጥበትም ይወጣል። በክረምት መሣሪያውን ከጫማ ካርቶን ከሚወጣው የሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር ክዳን ባለው ዕቃ ማሳደር ጥሩ ነው፤ ባትሪው ግን ወጥቶ ለብቻው ይደር፤ ሲሊካው ያደርቀዋልና።

ሰዓት ጠጋኙ ያሳየሽን ባትሪ አትግዢ። መጠኑ እውነትም አንድ ነው፤ የሚያታልለውም ይኸው ነው። ኤጂ 5 የሚባለው ከ13 ቁጥር፣ ኤጂ 3 ከ312 ቁጥር፣ ኤጂ 13 ደግሞ ከ675 ቁጥር የመስሚያ ባትሪ ጋር በቁመትም በወርድም ይገጥማል። ግን እነዚህ አልካላይን ናቸው፤ ቀዳዳም ልጣፊም የላቸውም፣ የሚይዙት ኃይል ከዚንኩ ሩብ አይሞላም። "ኤጂ 13" ላይ ያለው 13 ደግሞ ከእናትሽ 13 ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ለመለየት ቀለሙን እዪ፦ 10 ቁጥር ቢጫ፣ 312 ቡናማ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ። ቀለሙ በሁሉም አምራች ዘንድ አንድ ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈው ኮድም "ፒአር" ብሎ ይጀምራል፤ የ13 ቁጥሩ ፒአር 48 ነው። "ኤልአር" የሚል ካየሽ ተዪው። ከ675 ውስጥ ለኮክሌር ተከላ (በቀዶ ሕክምና ጆሮ ውስጥ ለሚተከል መስሚያ) የሚሸጥ የተለየ ዓይነትም ስላለ ፓኬቱን አንብቢ።

ስትገዢ ከጀርባው ያለውን ማብቂያ ቀን እዪ፤ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው ይሁን። ርካሽ ነው ብለሽ የዓመት አትሰብስቢ፣ የሁለት ሦስት ወር ይበቃል። ሻጩ በቴስተር ለክቶ "1.3 ቮልት ነው፣ ሙሉ ነው" ቢልሽ አትርኪ፤ ይህ ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ ቮልቱ ብዙም አይወርድም፣ ከዚያ ባንዴ ይወድቃል። መሣሪያው ማስጠንቀቂያ ጥሪ ሲያሰማ ትርፍ ባትሪ ቅርብ መሆን ያለበት ለዚህ ነው።

ፍሪጅ አይሆንም፤ ሲወጣ ጤዛ ይይዛል። ከምድጃና ከከሰል የራቀ፣ ጥላ ያለበት መሳቢያ ይበቃል፣ በራሱ ፓኬት። ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር ቦርሳ ውስጥ ከተቀላቀለ ሾርት ያደርጋል።

ከመድኃኒት ጋር ማስቀመጡ ደግሞ በጣም ያሳስበኛል። ይህ ባትሪ ክኒን ይመስላል፤ አረጋውያን ተሳስተው የሚውጡት ብዙ ነው፤ ልጅ ያለበት ቤት ደግሞ ይብሳል። ከተዋጠ፣ ወይም አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ከገባ፣ ለማስታወክ ሳትሞክሩ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ ፓኬቱንም ይዛችሁ። ያለቀውንም ባትሪ ለብቻው ክዳን ባለው ጠርሙስ ሰብስቢ።

አንዳንዴ ባትሪው ጥፋተኛ አይደለም። ፉጨት ካለ ብዙ ጊዜ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል አልገጠመም ማለት ነው። ድምፁ ከደከመ መጀመሪያ ቱቦው በሰም መደፈኑን እዪ። ባትሪው ቤት ውስጥ ነጭ ወይም አረንጓዴ ብናኝ ካለ በደረቅ ጥጥ ጥረጊው፤ ውኃ አይንካው። በቻርጀር ወደሚሞላ መሣሪያ ልትለውጪ ካሰብሽ ደግሞ በየሌሊቱ 3 ወይም 4 ሰዓት መብራት ይፈልጋል፤ እናንተ ሰፈር ስለሚጠፋ በዩኤስቢ፣ ከፓወር ባንክ የሚሞላ መሆኑን አረጋግጪ። የአሁኑን ዚንክ ባትሪ ግን ቻርጀር ላይ አታድርጊ፤ አይሞላም፣ ሊፈነዳም ይችላል።

በአዲስ ፓኬት፣ አንድ አንድ እየከፈታችሁ፣ ማታ ክዳኑን እየከፈታችሁ ሦስት ባትሪ ተጠቀሙ። ያኔም ከ4 ቀን ካላለፈ መሣሪያው ራሱ ከሚገባው በላይ እየወሰደ ሊሆን ይችላል፤ የጻፍሽውን ቀን ይዘሽ ባለሙያው ዘንድ ውሰጂው፣ የሚወስደውን ሚሊአምፔር ለክቶ ይነግርሻል።