«እሺ» ከማለታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፤

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በሚገኙ ሆስፒታሎች ከ20 ዓመት በላይ በአማርኛ አስተርጓሚነት ሠርቼ በቅርቡ ጡረታ ወጥቻለሁ። ለትምህርት ወይም ለሥራ ከአገር የምትወጡ ወጣቶች ስታገኙኝ አስቀድማችሁ የምትጠይቁኝ ስለ እንግሊዝኛ ነው፤ አነጋገሩና ፍጥነቱ ያስጨንቃችኋል። ጭንቀታችሁ ይገባኛል። ነገር ግን በሐኪምና በሕመምተኛ መካከል ቆሜ ካየኋቸው አለመግባባቶች አብዛኞቹ ከቃላት እጥረት የመጡ አልነበሩም፤ እንግሊዝኛን አቀላጥፈው የሚናገሩ ልጆቻችንም ሲሰናከሉ አይቻለሁ። ያሰናከለቻቸው «እሺ» የምትባለው የራሳችን ቃል ናት።

ታላቅ ሰው ወይም አዋቂ ሲናገር «እሺ» የምንለው ሰምቻለሁ፣ አክብሬያለሁ፣ ንግግርዎን አላቋርጥም ለማለት ነው፤ ገብቶኛል ወይም ተስማምቻለሁ ማለታችን ላይሆን ይችላል። እርስ በርሳችን ስንነጋገር ይህን ከድምፁ፣ ከፊቱና ከዝምታው እንለየዋለን፤ አስተዋይ ሰው ከሆነም ደጋግሞ ይጠይቃል። አሜሪካዊው ሐኪም፣ አሠሪ ወይም መምህር ግን «እሺ»ን እንደ ውል ይቀበላትና ወደሚቀጥለው ጉዳይ ያልፋል። ኋላ ነገሩ ሳይፈጸም ሲቀር፣ እኛ በይሉኝታ የዋጥነውን ጥያቄ እርሱ እንደ ቃል ማጠፍ ይቆጥርብናል።

ይህን ያስተማረኝ በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመት የሠራሁት ስሕተት ነው። ሐኪሟ ለአንዲት እናት የደም ግፊት መድኃኒት አዝዛ ማታ ማታ በ9 ሰዓት እንዲወስዱ ነገረቻቸው። እኔም ቁጥሩን እንዳለ ወስጄ «ማታ በዘጠኝ ሰዓት» አልኳቸው፤ «ከምሽቱ 3 ሰዓት» ማለት ሲገባኝ። እናቲቱ «እሺ» አሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ዐይናቸው ቀልቶ፣ ፊታቸው ገርጥቶ ነበር፤ ለካስ ሁልጊዜ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በሞሉት ማንቂያ እየተነሡ፣ ኪኒናቸውን ወስደው፣ እንቅልፍ ርቋቸው እንደ ተኙበት ይነጋ ነበር። የ6 ሰዓቱን ልዩነት መርሳቴ የራሴ ጥፋት ነው፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል። ነገሩ ግር እያላቸው ለምን እንዳልጠየቁ በጠየቅኋቸው ጊዜ ግን «ሐኪም ያዘዘውን እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ፣ ልጄ?» ነበር ያሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሐኪሞቹ «ገባዎት?» ከማለት ይልቅ «ቤት ሲደርሱ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» ብለው እንዲጠይቁ አሳስብ ጀመር። እናንተም በትምህርት ቤትም በሥራ ቦታም እንዲሁ አድርጉ፤ የታዘዛችሁትን በራሳችሁ አነጋገር መልሳችሁ ንገሯቸው፣ ያልገባችሁን «አልገባኝም» በሉ። እዚህ አገር ይህ ከድንቁርና አይቆጠርም፤ ኃላፊነት የሚሰማው ሠራተኛ ያሰኛል።

«ደኅና ነኝ» የምንለውም እንዲሁ ነው። ሐኪሙ «ዛሬ እንዴት ነዎት?» ሲል ሆዱን ይዞ የመጣው ሕመምተኛ «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ በእኛ ዘንድ ምስጋና ከአቤቱታ ይቀድማልና። ሐኪሙ በበኩሉ ሕመም የለም ብሎ ይጽፋል። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ማለታችንን ሰምተው ታካሚው ትንፋሽ አጠረው ብለው የደነገጡ ነርሶችም አጋጥመውኛል። እነዚህ አንድ ጊዜ ካስረዳችኋቸው የሚቀሉ ናቸው።

ከባዱ መርዶ ነው። እኛ ክፉ ወሬ በድንገት አንናገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ ሽማግሌ ባለበት ነው የሚነገረው። በአሜሪካ ግን ሐኪሙ የምርመራውን ውጤት ለታካሚው ለራሱ ፊት ለፊት ይነግራል፤ ልማዱ ይህ ነው። ልጆች በኮሪደር ላይ ክንዴን ይዘው «እባክዎ፣ ካንሰር የምትለዋን ቃል ለእናታችን አይንገሩብን» እያሉ የለመኑኝ ጊዜ ብዙ ነው። አስተርጓሚ የተባለውን ሁሉ የማስተላለፍ ግዴታ ስላለበት እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ ዕንባቸውን እያዩ እምቢ ማለት ደግሞ ቀላል አይደለም። በእኔ እይታ ልጆቹም ሐኪሙም አልተሳሳቱም። ጥፋቱ ጉዳዩ በኮሪደር፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ መነሣቱ ነው። ከቀጠሮው አስቀድማችሁ ለሐኪሙ ባህላችንን አስረዱትና እናታችሁ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልጉ፣ ከማን ጋር ሆነው መስማት እንደሚሹ እንዲጠይቅላችሁ ለምኑት። እንዲህ ሲባሉ ወንበር ስበው የተቀመጡና ቀጠሮውን ዘመድ እስኪሰበሰብ ያቆዩ ሐኪሞች አይቻለሁ። ሳይነገራቸው ግን ከየት ሊያውቁት ይችላሉ?

ስለዚህ ይሉኝታችሁን ጥላችሁ ሂዱ አልላችሁም። ይሉኝታ ለሌላው ሰው ማሰብ ነው፤ በስደት ያሉ ቤተሰቦቻችንን አስተሳስሮ ያቆየውም እርሱ ነው። የምለምናችሁ አገር ቤት ሳይነገር የሚታወቀውን ነገር እዚህ አፍ አውጥታችሁ እንድትናገሩት ነው።

በመጨረሻም እናቶቻችሁን ይዛችሁ ሐኪም ቤት የምትሄዱ ልጆች ሆይ፣ አስተርጓሚያቸው ልሁን አትበሉ። እናት በወንድ ልጇ ፊት ስለ ደም መፍሰስ አትናገርም፤ ልጅም እናቱን የሚያስደነግጠውን ቃል ሳያውቀው ያለሰልሳል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ እንዳያደርጉ ይከለክላል፤ በዚህም መሠረት ሆስፒታሎቹ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለባቸው። ዲሲም እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ካወጣች ወዲህ አማርኛ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ቀጠሮ ስታስይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» በሉ፤ በአካል የሚመጣ ካልተገኘ በስልክ ይቀርብላችኋል። ከዚያ በኋላ እናታችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ እጃቸውን ያዙ፤ «እሺ» ሲሉም ፊታቸውን እዩ።