የቄቦች ኩስ ደም እያለበት ምርመራው ለምን «የለም» ይላል?

ጥያቄ፦ ለመራቢያ የማሳድጋቸው ቄቦች 11 ሳምንት ሆኗቸዋል። ላባቸው ተንጨባሮ ይቆዝማሉ፣ ኩሳቸው ደም አለበት፣ በየቀኑም ይሞታሉ። ኩሱን አስመርምሬ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት ጥገኛ የለም ተባልኩ። ትል ይሆን?

መልስ፦ ኮክሲዲያን ገና አይሰርዙት። በዚህ ዕድሜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አይሜሪያ ኔካትሪክስ የሚባለው ዓይነት ነው። ጫጩቶችን የሚያጠቃው ሌላው ዓይነት፣ ቴኔላ፣ ዕውር አንጀትን ሲያደማ፣ ይሄኛው የቀጭኑን አንጀት መሀል ይጎዳል። ደሙና ሞቱ የሚመጣው ጥገኛው በአንጀት ግድግዳ ውስጥ ሲራባ ነው፤ ይህም ቄቧ ከተበከለ ጉዝጓዝ ከለቀመች በ5ኛው ወይም በ6ኛው ቀን ገደማ ይሆናል። በኩስ የሚወጣው ኦኦሲስት (የጥገኛው እንቁላል መሰል ደረጃ) ግን ዘግይቶ፣ ያውም በዕውር አንጀት ውስጥ ይፈጠራል፤ ቁጥሩም ትንሽ ነው። ስለዚህ ኩስ ብቻ ያየ ላቦራቶሪ «የለም» ቢል አይፈረድበትም።

ቁርጡን የሚነግርዎ አንጀቱ ነው። ሞቶ ያደረ ዶሮ አይውሰዱ፤ አንጀቱ ቶሎ ስለሚበሰብስ ያሳስታል። ክፉኛ ከታመሙት 3 ወይም 4 ቄቦች መርጠው፣ እንደታረዱ ወዲያው የእንስሳት ሐኪም ይክፈትልዎ። ቀጭኑ አንጀት መሀል ላይ የአስኳል ቅሪት የሆነች ትንሽ ጉጥ አለች፤ ከእሷ ወዲህና ወዲያ ያለውን ይዩ። አንጀቱ ከወትሮው እጥፍ ያህል ተነፍቶ፣ ሳይቀደድ ከውጭ ነጫጭና ቀያይ ነጠብጣብ ከታየበት፣ ውስጡም ደም የቀላቀለ ንፍጥ ካለው፣ ጥርጣሬው ጠንክሯል። ከዚያው ቦታ ግድግዳው ተፍቆ በአንድ ጠብታ የጨው ውሃ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ትልልቅ ሺዞንቶች (ጥገኛው በግድግዳው ውስጥ የሚራባበት ደረጃ) ተከማችተው ከተገኙ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ዕውር አንጀቱ አይብ በመሰለ ደረቅ ነገር ተሞልቶ፣ ጉበቱ ላይ ክብ ጎድጎድ ያለ ቁስል ካለ ግን ሂስቶሞናስ የሚባለውን ሌላ ጥገኛ ያስቡ፤ የኮክሲዲያ መድኃኒት አያድነውም። አስካሪስ ትል ከሆነ በዓይን ይታያል።

ኮክሲዲያ መሆኑ ከተረጋገጠ አምፕሮሊየም የሚባለውን የኮክሲዲያ መድኃኒት 20% ዱቄት፣ 30 ግራም በ25 ሊትር ውሃ፣ ለ5 ቀን ይስጡ። ሌላ የሚጠጡት ውሃ አይኑር። ከዚያ መጠኑን ወደ ሩብ አውርደው አንድ ሳምንት ይቀጥሉ። ቫይታሚን ቢ1 ያለበት ቫይታሚን አብረው አይስጡ፤ የመድኃኒቱን ሥራ ያከሽፋል። የተጎዳ አንጀት በአንድ ቀን ስለማይድን ሞቱ በማግስቱ ባይቆም መጠን አይጨምሩ።

በመጠጫው ዙሪያ የረጠበውን ጉዝጓዝ አውጥተው በደረቅ ይተኩ። በረኪና ላይ ግን ገንዘብ አያጥፉ፣ ኦኦሲስትን አይገድልም።