የድሮ ስፖርት መኪና ወንበር ስፖንጅ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የድሮ ስፖርት መኪና ወንበር ማደስ ነው። ስለ ስፖንጁ የከበዳችሁን ሁሉ ጠይቁ፤ የቆዳውንና የስፌቱን ነገር ለሌላ ቀን እናቆየው። ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ኤምጂቢዬ ላይ ስቀመጥ እሰምጣለሁ። ስንት ሴንቲሜትር ስፖንጅ ልግዛ?

ቆይ፣ ገና አትግዛ። መጀመሪያ ወንበሩን ፈትተህ ገልብጠው። ኤምጂቢ ከ1962 እስከ 1980 የተመረተ መኪና ነው፤ ከመቀመጫው ስፖንጅ ሥር የምታገኘው ወይ የተወጠረ የጎማ ጠፍር ነው፣ ወይ ዙሪያውን በመንጠቆ ከብረቱ ጋር የተያያዘ የጎማ ምንጣፍ። ጎማ ሲያረጅ ይላላል፤ የላላ ጎማ ላይ የተቀመጠ አዲስ ስፖንጅ ደግሞ አብሮት ይወርዳል። የመንጠቆ ቀዳዳዎቹን ጠጋ ብለህ እያቸው፦ ክብነታቸው ጠፍቶ ከተለጠጡ ወይም ዙሪያቸው ከተሰነጠቀ ጎማውን ቀይር። ወደኔ ከሚመጡት «ስፖንጁ ሞቷል» ከሚባሉ ወንበሮች ብዙዎቹ በሽታቸው ከሥር ነው።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ዴንሲቲው ከፍተኛ ስለሆነ ጠንካራ ነው» አለኝ። ልመነው?

አትመኑት። ዴንሲቲ ማለት አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው፤ በአመዛኙ የሚነግራችሁ ስፖንጁ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ነው። ጥንካሬው ሌላ ልኬት ነው፦ ስፖንጁን እስከ ተወሰነ መጠን ለመጫን የሚያስፈልገው ኃይል። አንዱ አለካክ ከውፍረቱ 25 በመቶ፣ ሌላው 40 በመቶ ድረስ ስለሚጫን፣ የሁለት ሻጮችን ቁጥር ከማወዳደራችሁ በፊት በየትኛው እንደተለካ ጠይቁ። 60 ኪሎ ሆኖ ለስላሳ፣ 25 ኪሎ ሆኖ ደረቅ የሆነ ስፖንጅ አለ። 25 ኪሎው ሱቅ ውስጥ ሲጫኑት ያስደስታል፣ ብዙም ሳይቆይ ግን ይሟሽሻል። እኔ ለመቀመጫው ከ50 ኪሎ በታች አልጠቀምም። ከታች ጠንከር ያለውን አደርግና ከላይ 2 ሴንቲሜትር ያህል ለስላሳ እደርብበታለሁ። በኩርባ ላይ ሰውነት የሚደግፉትን የጎን ትራሶች ደግሞ ከመሃሉ ጠጠር አድርጓቸው።

ጥያቄ፦ የፖርሼዬ ወንበር ውስጥ ያገኘሁት ስፖንጅ ሳይሆን ቡናማ ፀጉር ነገር ነው። ልጣለው?

በጎማ የተያያዘ የእንስሳ ፀጉር ወይም የኮኮናት ጭረት ነው። ካልረገፈ እንዳትጥለው! አየር ያሳልፋል፣ ላብ አይዝም። የጎደለውን ቦታ ብቻ በዚያው ዓይነት ሙላው። ሞላው ላይ በቀጥታ እንዳያርፍ መሃል ላይ ጆንያ አንጥፍ፤ ሽቦው እንደ መጋዝ ይበላዋል።

ጥያቄ፦ በጋለ ሽቦ ብቆርጠውስ?

አይሆንም። ስፖንጁ የተሠራበት ፖሊዩሬቴን ሲቃጠል ጭሱ መርዝ ነው። የኤሌክትሪክ የሥጋ ቢላ አሪፍ አድርጎ ይቆርጣል። የወንበሩ ልብስ ተወጥሮ እንዲቀመጥ ከልኩ በየጎኑ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አስተርፉ፤ ጠርዙን በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ማስቲሹን ሁለቱም ፊት ላይ ቀብታችሁ ጣት ሲነካው የማይከተል እስኪሆን ጠብቁ። መጋጠሚያው ወደ ላይ የሚወጣ ከሆነ የመጨረሻዋን 1 ሴንቲሜትር አትቀቡ። ማስቲሽ ሲደርቅ ድንጋይ ይሆናል፤ መስመሩም ቆዳው ላይ ጎልቶ ይታያል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለኔ መኪና የተዘጋጀ ስፖንጅ የለም። ሲቀላቀሉ ተነፍተው ስፖንጅ የሚሆኑትን ሁለት ፈሳሾች ገዝቼ ራሴ ፎርማ ውስጥ ብሠራውስ?

ይቻላል፤ ግን ከጥፍጥፍ ስፖንጅ ቆርጦ መለጠፍ ለአብዛኛው ሰው ይሻላል። ፎርማ የሚያዋጣው ብዙ ወንበር ለሚሠራ ወይም ቅርጹ ለተወሳሰበበት ነው። በፎርማ ለመሥራት ከወሰንክ ግን ስማ፦ ከሁለቱ ፈሳሾች አንዱ አይሶሳይኔት ነው። አንዴ ሳንባህን ካስቆጣው ለዘለቄታው አስም ሊያመጣብህ ይችላል፤ የአቧራ ማስክ አያድንህም። አምራቹ ያዘዘውን የመተንፈሻ መከላከያ አድርግ፣ ጓንት አጥልቅ፣ አየር በደንብ በሚንሸራሸርበት ሥራ። ልኩን በሚዛን እንጂ በዓይን አትገምት። ፎርማውን ሰም ቀባው፣ ክዳኑን በብሎን እሰረው፤ ሲነፋ ጉልበቱ ቀላል አይደለም። ከላይ ትናንሽ የአየር ማምለጫ ቀዳዳዎች ተውለት። ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመጨረሻውን ነው፦ ስፖንጁ ከፎርማው እንደወጣ፣ ገና ሙቅ ሳለ፣ በእጅህ ሁሉንም ቦታ ደጋግመህ ጨፍልቀው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን አረፋዎች ይፈነዳሉ፣ ጠስ ጠስ ሲሉ ትሰማለህ። ሳይከፈቱ ከቀዘቀዘ ተጨማዶ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የድሮው ስፖንጅ ዱቄት ሆኗል። የሚያድነው ነገር አለ?

የለም። ኦክስጅን፣ ሙቀትና እርጥበት በልተውታል። ማስክ አድርገህ ጥረገው፤ ግን ሳትጥለው በፊት የተረፈውን ቅርጽ ካርቶን ላይ ንደፍ።

ጥያቄ፦ የአልጋ ፍራሽ ስፖንጅስ?

ለመኪና ተብሎ የተሠራውን ያዙ። አሜሪካ ከመስከረም 1972 ጀምሮ የመኪና ውስጥ ዕቃ እሳት ቢነካው በደቂቃ ከ102 ሚሊሜትር በላይ እንዳይቃጠል ደንግጋለች። የፍራሹ ስፖንጅ በዚህ ስለመለካቱ ዋስትና የላችሁም።

ጥያቄ፦ አዲሱን አስገባሁ፣ ጭንቅላቴ ጣሪያ ሊነካ ነው!

አዲስ ስፖንጅ ትንሽ ይረግባል፤ ግን ጣቶችን የሚያህል ልዩነት በመርገብ አይጠፋም። ልብሱን አውልቀህ ከሥር በኩል ሸርፈው፣ የላይኛውን ለስላሳ አትንካ። ከዚያ ልብስ ሳታለብሰው መኪናው ውስጥ አስገብተህ መሪ ይዘህ፣ ፔዳል ረግጠህ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጥበት። ልብሱን ከወንበሩ ጋር የሚይዙትን የሽቦ ቀለበቶች በፒንሳ የምታስረው ከዚያ በኋላ ነው።