የብድር ስምምነት በምክር ቤት ፊት፦ ለሕግ ተመራቂዋ የተሰጠ የሙያ ምክር

የጥያቄሽ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ በዚህ ዓመት ከሕግ ትምህርት ቤት ትመረቂያለሽ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአገሪቱን ገንዘብ የሚያስሩ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን ሲያጸድቅ የምርመራውን ሥራ በሚያግዙ ባለሙያዎች መካከል መሥራት ትፈልጊያለሽ። ለማስተርስ ዓለም አቀፍ ሕግ ይሻላል ወይስ ኢኮኖሚክስ ብለሽ ጠይቀሻል።

ማስተርሱን ለጊዜው አቆዪው። መጀመሪያ የስምምነትን አንቀጽ አንብቦ ወደ ዓመታዊ የበጀት ቁጥር የመመለስ ችሎታ ያዢ። ሕግ የተማረ ሰው አንቀጹን በሚገባ ያነባል፤ ሒሳቡ ሲመጣ ለሌላ ይተወዋል። ኢኮኖሚስቱ ደግሞ ወለዱንና የመክፈያ ዘመኑን አይቶ ስለ ውል መጣስ የሚናገረውን ክፍል ይዘለዋል። ሁለቱን በአንድ ገጽ ለምክር ቤት አባል የሚያቀርብ ሰው ግን እንደ ልብ አይገኝም።

ከሕገ መንግሥቱ ጀምሪ። አንቀጽ 55(11) የፌዴራል በጀት ማጽደቅን፣ 55(12) ደግሞ አስፈጻሚው አካል የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ማጽደቅን ለምክር ቤቱ ይሰጣል። በአንቀጽ 9(4) መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል። ከእነዚህ ጋር ስለ ዓለም አቀፍ ስምምነቶች መዋዋያና ማጽደቂያ ሥነ ሥርዓት የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1024/2009ን እና የፌዴራል መንግሥት የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 648/2001ን ጎን ለጎን አንብቢ።

ቀጥለሽ በነጋሪት ጋዜጣ የወጡ የብድር ስምምነት ማጽደቂያ አዋጆችን ተመልከቺ። በጣም አጫጭር ናቸው። መግቢያው የብድሩን መጠንና ዓላማ ይገልጻል፤ አንቀጾቹ አጭር ርዕሱን፣ ስምምነቱ መጽደቁን፣ የገንዘብ ሚኒስቴርን ሥልጣንና አዋጁ የሚጸናበትን ጊዜ ይናገራሉ። ግዴታው ያለው ግን በራሱ በስምምነቱ ውስጥ ነው። የዓለም ባንክ የፈረማቸውን የፋይናንስ ስምምነቶች በድረ ገጹ ላይ ስለሚያወጣ ልምምድሽን በእነሱ ጀምሪ።

አንድ ስምምነት ስትይዢ በመጀመሪያ የመክፈያ ሠንጠረዥ ሥሪ። የ100 ሚሊዮን ዶላር ብድር እንውሰድ፤ ወለድ የለውም፣ 0.75 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ አለው፣ ዋናው ገንዘብ የማይከፈልበትን የ6 ዓመት የእፎይታ ጊዜ ጨምሮ በ38 ዓመት ተከፍሎ ያልቃል። ዋናው ገንዘብ በእኩል መጠን የሚከፈል ከሆነ በ32 ዓመት ይካፈልና በየዓመቱ 3.125 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። የአገልግሎት ክፍያው ግን የእፎይታውን ጊዜ አይጠብቅም፤ ብድሩ ሙሉ በሙሉ ከተለቀቀ በዓመት እስከ 750 ሺህ ዶላር ይደርሳል። ባልተለቀቀው ገንዘብ ላይ የሚታሰብ ሌላ ክፍያ ካለ ለብቻው ዓምድ ስጪው፤ የሚዘገይ ፕሮጀክት ሳይሠራ ወጪ የሚያስወጣው በዚህ በኩል ነው።

ከዚያ ወደ ብር መልሺው። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ያንኑ 3.125 ሚሊዮን ዶላር በ57 ብንመታው 178 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው፤ በ100 ደግሞ 312.5 ሚሊዮን ብር። በስምምነቱ ላይ አንድ ቃል ሳይለወጥ በበጀቱ ላይ የ134 ሚሊዮን ብር ልዩነት መጣ። ስለዚህ በሠንጠረዥሽ ላይ ቢያንስ ሦስት የምንዛሪ ተመን አስቀምጪ። ብድሩ በዶላር፣ በዩሮ ወይስ በኤስዲአር (የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) እንደሆነም ከመጀመሪያው ገጽ አረጋግጪ።

ከሠንጠረዡ በኋላ ወደ አንቀጾቹ ተመለሺ። የዓለም ባንክ ስምምነት ለብቻው የታተመውን የጠቅላላ ሁኔታዎች ሰነድ የራሱ አካል አድርጎ ይጠቅሳል። ጀማሪዎች ይህንን ሰነድ ሳይከፍቱ ያልፋሉ፤ ከባዱ ነገር ግን ያለው እዚያ ነው። ክፍያው ከማንኛውም ግብር ነጻ መሆኑን፣ ባንኩ ገንዘብ መልቀቁን የሚያቆምባቸውን ምክንያቶች፣ ዕዳው ከጊዜው በፊት በሙሉ ሊጠየቅ የሚችልባቸውን ሁኔታዎች ታገኚበታለሽ። የስምምነቱ መብትና ግዴታ የማንም አገር ሕግ ተቃራኒ ቢል እንኳ የጸና ነው የሚል ድንጋጌም አለበት። በንግድ ብድር ውስጥ ደግሞ ሌላ ብድር ሳይከፈል ሲቀር ይሄኛውም እንደተጣሰ የሚቆጥር አንቀጽ መኖሩን ፈልጊ፤ አንድ የተስተጓጎለ ክፍያ ብዙ ብድሮችን አብሮ የሚነካው በዚህ ነው።

የቀን መቁጠሪያውን እንደ አንቀጾቹ ሁሉ ተከታተዪው። የምክር ቤቱ ዓመታዊ የሥራ ዘመን በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይጀምርና ሰኔ 30 ያበቃል፤ የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ይገባል። የዓለም ባንክ ስምምነቶች ተፈጻሚ እንዲሆኑ የሚሰጠው ቀነ ገደብ ብዙ ጊዜ ከፊርማ በኋላ 90 ወይም 120 ቀን ነው። በሐምሌ መግቢያ የተፈረመና 90 ቀን የተሰጠው ስምምነት ምክር ቤቱ እስኪከፈት ቀኑ ሊያልቅበት ምንም አይቀረው። አስቸኳይ ስብሰባ ካልተጠራ ወይ አበዳሪው ቀኑን ያራዝማል፣ ወይም ፊርማው ተፋጥኖ ሰነዱ በሰኔ ከበጀቱ ጋር ተደራርቦ ይቀርባል። በሰኔ ለሚደርስ ሰነድ የሚኖርሽ ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ስለሆነ የሠንጠረዡ ቅጽ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ሊጠብቅሽ ይገባል።

የተፈረመ የብድር ስምምነት ለምክር ቤቱ የሚተውለት ምርጫ ማጽደቅ ወይም አለማጽደቅ ብቻ ነው፤ አንቀጽ ማሻሻል አይቻልም። የምርመራው እውነተኛ ዋጋ ያለው ድርድሩ ሳይዘጋ ነው ብለን በጽኑ እናምናለን። አንቀጽ ሳይሻሻልም በማጽደቅ ጊዜ ምን መጠየቅ እንደሚቻል ለማየት፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 12 ቀን 2012 የጀርመን ፌዴራል ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የአውሮፓን የመረጋጋት ፈንድ (ለተቸገሩ የዩሮ አገሮች የሚያበድረውን ESM) ስምምነት አስመልክቶ የሰጠውን ውሳኔ አጥኚ። ፍርድ ቤቱ ለማጽደቁ ሁለት ነገር ጠየቀ፦ የአገሪቱ የገንዘብ ኃላፊነት ጀርመንን በፈንዱ የሚወክለው ሰው ሳይስማማ ከ190 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ በላይ እንዳይሄድ፣ የፈንዱ የምስጢር ግዴታም ፓርላማው መረጃ እንዳያገኝ እንዳይከለክል። አገሪቱ ይህንን በማረጋገጫ መግለጫ አስይዛ አጸደቀች። በማንኛውም ስምምነት ላይ ማስታወሻ ስትጽፊ ጣሪያው ስንት ነው፣ ምክር ቤቱ ከጸደቀ በኋላ ምን መረጃ ያገኛል የሚሉትን ሁለቱን ጥያቄዎች መልሺ።

ሁሉም ገንዘብ ነክ ግዴታ ለማጽደቅ አይቀርብም። የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ፕሮግራም በድርጅቱ በራሱ ደንብ ዓለም አቀፍ ስምምነት አይባልም። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ለኢትዮጵያ የተፈቀደው የአራት ዓመት፣ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ፕሮግራም ግቦች በመንግሥት የፍላጎት ደብዳቤና አብሮት ባለው የፖሊሲ ሰነድ ላይ ሰፍረዋል። ወደ ምክር ቤቱ የሚመጣው ውጤታቸው ነው፤ የታክስ አዋጅ ወይም ተጨማሪ በጀት ሆኖ። እንዲህ ያለ ረቂቅ ሲመጣ ሰነዱን አውጥተሽ ጎን ለጎን አንብቢ።

የት ትጀምሪ ላልሽው፣ ምክር ቤቱ ዋናው በር ቢሆንም የመጀመሪያው መሆን የለበትም። በገንዘብ ሚኒስቴር የዕዳ አስተዳደር ወይም በፍትሕ ሚኒስቴር የስምምነት ምርመራ ሥራ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ብትሠሪ ሰነዱ ከድርድር እስከ ፊርማ እንዴት እንደሚሄድ ታያለሽ። የፌዴራል ዋና ኦዲተርም ጥሩ ነው፤ ገንዘቡ ከተለቀቀ በኋላ የሚሆነውን ያሳያል። ማስተርስ የምትማሪው ከዚያ በኋላ ይሁን፤ ያኔ የመንግሥት ፋይናንስና የዕዳ አስተዳደር ኮርሶች ያሉበትን ምረጪ።

ለማመልከቻሽ ሦስት ስምምነቶችን መርጠሽ ለእያንዳንዳቸው የመክፈያ ሠንጠረዥና ከሁለት ገጽ ያልበለጠ ማስታወሻ አዘጋጂ፤ አንዱ ያላለቀ ፕሮጀክት ያለበት ይሁን። ማስታወሻውን በአማርኛ ጻፊው። ስምምነቶቹ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ናቸው፤ የቋሚ ኮሚቴው ውይይት ግን በአማርኛ ነው፤ የጽሑፍ ፈተና ቢኖር ይህንኑ ትጠየቂያለሽ።